ለሞዴል ሮኬት የባልሳ ክንፍና አፍንጫ፦ በጣና ዳር እርጥበት ሳይጣመም የመሥራት ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ ሞዴል ሮኬት የሚሠሩ ልጆች የሚያነሱት ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ክንፉ ተጣመመ። ሮኬቱ መሬት ሲነካ ክንፉ ለሁለት ተሰነጠቀ። ወይም አፍንጫው፣ ማለትም የሮኬቱ ሹል ጫፍ፣ ቱቦው ውስጥ ተቀርቅሮ ፓራሹቱ ሳይወጣ ቀረ። የሦስቱም መነሻ አንድ ነው። እንጨቱ በደንብ ሳይታይ፣ ሳይመዘንና ሳይደርቅ ተቆርጧል። ስለዚህ እዚህ ከመቁረጥ በፊት ያለው ሥራ ረዘም ይላል። እባካችሁ አትዝለሉት። ባልሳ የሚባለው በጣም ቀላል እንጨት እንደ ዋንዛ ጣውላ ከገበያ የሚነሳ ነገር አይደለም። ከውጭ በሰው እጅ ወይም በትዕዛዝ ነው የሚመጣው። አንድ ሉህ ከተበላሸ ሌላ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ከታች ያሉት ልኬቶች የውጭ ስፋቱ 24.8 ሚሊ ሜትር፣ የውስጡ 24.1 ሚሊ ሜትር ለሆነ የወረቀት ቱቦ ናቸው። በሞዴል ሮኬት ሠሪዎች ዘንድ ቢቲ-50 የሚባለው ነው። የእናንተ ቱቦ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ለውጡ። ቅደም ተከተሉ ግን አይቀየርም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የባልሳ ሉህ (ለክንፍ)
- ወፍራም ባልሳ ወይም የሚደራረብ 10 ሚሊ ሜትር ሉህ (ለአፍንጫ)
- አዲስ ስለት የገባለት ካተርና የብረት ማስመሪያ
- ብርጭቆ ወረቀት፦ ቁጥር 80፣ 120፣ 220 እና 400
- ነጩ የእንጨት ኮላ፣ ቀጭን ሱፐር ግሉ
- የኤሌክትሪክ ድሪልና ድሪሉን የሚይዝ ሞርሳ
- 6 ሚሊ ሜትር ክብ የእንጨት ዘንግ፣ ባለ ቀለበት ብሎን
- ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ)፣ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን
- ተራ የፕሪንተር ወረቀት፣ ጠንካራ ካርቶን፣ ማስኪንግ ቴፕ
- የአቧራ ማስክና የዓይን መከላከያ መነጽር

የባልሳ ብናኝ በጣም ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ይቆያል። ማስክ ሳታደርጉ አትፈትጉ። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ሱፐር ግሉ ከጥጥ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ እጅም ያቃጥላል። የፈሰሰውን በጥጥ፣ በነጠላ ወይም በቲሸርት ጫፍ አትጥረጉ። በፕላስቲክ ቁራጭ ግፉት።

## ደረጃ 1፦ ሉሁን መምረጥ

መጀመሪያ መዝኑ። ሁሉም ባልሳ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለት ሉሆች መልካቸው ተመሳስሎ የአንዱ ክብደት የሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን በሴንቲ ሜትር አባዙ፤ ከዚያ ክብደቱን በግራም ለተገኘው ቁጥር አካፍሉ። ለምሳሌ 100 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሉህ 300 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ሚዛኑ ላይ፦

- 30 ግራም ገደማ ካሳየ ለስላሳ ነው። ለክንፍ አይሆንም፤ ለአፍንጫ ይሆናል።
- ከ40 እስከ 50 ግራም ካሳየ ለክንፍ ትክክለኛው ነው።
- 60 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠንካራ ነው። ለትንሽ ሮኬት ጭራ ይከብዳል። ለውስጥ ቀለበትና ለድጋፍ አስቀምጡት።

ከዚያ ወደ ብርሃን አንሡት። በመስኮት ፊት ያዙት። ጠቆር ያለ መስመር ካያችሁ እንጨቱ እዚያ ጋ ጠንካራ ነው። ከጎኑ ያለው ለስላሳ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ክንፍ አታውጡ፤ ሲፈተግ ወጣ ገባ ይሆናል፣ ሲርስ ደግሞ ይጣመማል።

በመጨረሻም በወርዱ ቀስ አድርጋችሁ እጠፉት። በቀላሉ የሚጠቀለል ከሆነ ለክንፍ አትጠቀሙበት፤ ክብ ነገር ላይ ለመጠቅለል ነው የሚመቸው። አልጠቀለልም ብሎ ቀጥ የሚል፣ ፊቱ ላይም የሚያብረቀርቁ ትናንሽ ነጠብጣቦች ያሉት ሉህ ለክንፍ ተመራጭ ነው። ይሄኛው ግን ጠንከር ብላችሁ ካጠፋችሁት ይሰነጠቃል፤ በልክ ሞክሩት።

## ደረጃ 2፦ ማድረቅ

ባልሳ ውኃ ይወዳል። በክረምት፣ በተለይ ቤታችሁ ለሐይቁ የቀረበ ከሆነ፣ ሉሁ ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ያብጣል። በዚያ ሁኔታ የተቆረጠ ክንፍ ጥቅምት ሲገባ ይደርቅና ቅርጹ ይለወጣል።

1. ሉሁን በሁለት ጠፍጣፋ ጣውላዎች መካከል አስገቡ።
2. ላዩ ላይ መጻሕፍት ደርድሩ።
3. ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ ለሁለት ሦስት ቀን ተዉት።
4. በየቀኑ መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ አታስጡት። አንዱ ፊት ቀድሞ ይደርቅና ሉሁ እንደ ቆርቆሮ ይቆለመማል።

ሉሁ ሲመጣ ተጣሞ ከሆነ፦ ሁለቱንም ፊት በእርጥብ ስፖንጅ ቀለል አድርጋችሁ አብሱት። ጣውላዎቹ መካከል በክብደት ተጭኖ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። ከዚያም ካልተቃና ከዚያ ሉህ ትንንሽ ቁርጥራጮችን አውጡ እንጂ ክንፍ አትሞክሩ።

## ደረጃ 3፦ የክንፉን ቅርጽ በካርቶን ማውጣት

አንድ ክንፍ በካርቶን ሥሩ። ለዚህ ቱቦ ከቱቦው ጋር የሚጣበቀው ሥሩ 50 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ጫፉ 30 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ቁመቱ ደግሞ 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። የፊት ጠርዙ ወደ ኋላ ያዘንብል። የክንፉ የኋላ ጫፍ ከቱቦው መጨረሻ ወደ ኋላ እንዳያልፍ አድርጉ። አልፎ የሚወጣ ጫፍ መሬት ሲያርፍ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ስለሆነ ይሰበራል።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደርሰናል። ካርቶኑ ላይ የፊት ጠርዙን ተከትላችሁ ቀስት ሣሉ። የእንጨቱ መስመር የሚሄደው በዚህ ቀስት አቅጣጫ ነው። መስመር የምለው ባልሳው ፊት ላይ በርዝመቱ የሚታየውን ጭረት ነው። ጭረቱ ከቱቦው ተነሥቶ ወደ ውጭ መሄድ አለበት። ከቱቦው ጋር ጎን ለጎን ከሄደ ክንፉ በጣት ተጭኖ እንኳ ይገነጠላል። መሬት ሲነካ የሚሰነጠቁ ክንፎች ብዙዎቹ እንዲህ ተገልብጠው የተቆረጡ ናቸው። ሉህ ለመቆጠብ ብላችሁ አቅጣጫውን አታዛቡ። ሁለት ትክክለኛ ክንፍ ከአራት የማይረባ ክንፍ ይሻላል፤ የቀረውን ሌላ ሉህ ሲመጣ ትጨምራላችሁ።

## ደረጃ 4፦ መቁረጥ

1. ካርቶኑን ሉሁ ላይ አድርጉና ቀስቱን ከጭረቱ ጋር አስተካክሉ።
2. በሾለ እርሳስ ቀለል አድርጋችሁ አስምሩ። እርሳሱን ካጠበቃችሁት ባልሳውን ይቀደዋል።
3. የብረት ማስመሪያውን ክንፉ በሚሆነው በኩል አድርጉ። ካተሩ ቢያመልጥ ትርፉን እንጂ ክንፉን አይነካም።
4. በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። የመጀመሪያው ጉዞ ላዩን ብቻ ይሰንጥር። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ይለቃል።
5. ጭረቱን የሚያቋርጠውን ጎን መጀመሪያ ቁረጡ፤ ጭረቱን የሚከተለውን በመጨረሻ። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ጠርዙ ይፈነቀላል።
6. ሦስት ክንፍ ከፈለጋችሁ አራት ቁረጡ።

ካተሩ ጭረቱን ተከትሎ ከመስመር ከወጣ፦ አቁሙ። ከሌላኛው ጫፍ ወደ እናንተ ቁረጡ። ስለቱ ደንዝዞም ሊሆን ይችላል፤ ጫፉን ስበሩና አድሱት። ባልሳ ለስላሳ ስለሆነ አሮጌ ስለት የሚበቃው ይመስላል። እንደውም በጣም የሾለ ስለት የሚፈልገው ለስላሳ እንጨት ነው፤ የደነዘዘው ሳይቆርጥ ይጨፈልቀዋል።

## ደረጃ 5፦ ማመሳሰልና ጠርዝ ማውጣት

ክንፎቹን አንድ ላይ ደርቡ። በማስኪንግ ቴፕ እሰሯቸው። ቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ለጥፉና አራቱንም ጎን በአንድነት ፈትጉ። ክንፎቹ እኩል ካልሆኑ ሮኬቱ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል።

ከዚያ ፍቷቸውና አንድ በአንድ ጠርዝ አውጡ፦

- የፊት ጠርዙን ክብ አድርጉ።
- የኋላ ጠርዙን ቀስ በቀስ አሹሉ። እንደ ምላጭ አታቅጥኑት፤ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር።
- የውጭ ጫፉን ክብ አድርጉ።
- ሥሩን አትንኩት። ሥሩ ቀጥ ያለና ጠፍጣፋ ካልሆነ ኮላው አይይዝም።

ሥሩ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጉበት። ፍትጊያው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የትኛው የት እንደሆነ ይጠፋል።

## ደረጃ 6፦ በወረቀት መሸፈን

ባልሳን ለመድፈን ስቱኮ ወይም ሳንዲንግ ሲለር መቀባት ይቻላል። በጣና ዳር ግን እኔ አጥብቄ የምመክረው ወረቀት ነው። ተራ የፕሪንተር ወረቀት በሁለቱም ፊት ሲለጠፍ ክንፉ በጣም ይጠነክራል፣ ጭረቱ ይሸፈናል፣ እርጥበትም እንደ ልቡ አይገባም።

1. ወረቀቱን የፊት ጠርዙ ላይ ታጥፎ ሁለቱንም ፊት እንዲሸፍን አድርጋችሁ ቁረጡ። በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ይትረፍ።
2. ነጩን ኮላ በጣት ወይም በካርቶን ቁራጭ በስሱ ቀቡ። እርጥብ የሚመስል ሳይሆን የሚያጣብቅ ያህል ብቻ ይሁን።
3. ወረቀቱን ከፊት ጠርዙ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እያሻችሁ ለጥፉት። አረፋ እንዳይቀር በማስመሪያ ጎን ተጫኑ።
4. ሁለቱንም ፊት በአንድ ጊዜ ጨርሱ። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ካላችሁ ክንፉ በእርግጠኝነት ይጣመማል።
5. በፌስታል ጠቅልላችሁ ከመጽሐፍ ሥር አድርጉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፌስታሉን አውጥታችሁ በደረቅ ወረቀት ተኩና እስከ ማግስቱ ተጭኖ ይደር።
6. ትርፉን በካተር ቁረጡ። ጠርዙ ላይ አንድ መስመር ቀጭን ሱፐር ግሉ አስኪዱና በቁጥር 400 አለስልሱት።

አረፋ ከቀረ፦ በመርፌ ብሱት፣ ጠብታ ሱፐር ግሉ አስገቡ፣ በፌስታል ተጫኑ። ክንፉ ከተጣመመ፦ በእንፋሎት ላይ ለጥቂት ሰኮንድ ያዙትና መልሳችሁ በክብደት ሥር አድርጉት። ከአንድ ጊዜ በላይ ይህን አትሞክሩ፤ ወረቀቱ ይለቃል። አራተኛውን ክንፍ የቆረጣችሁት ለዚህ ነው።

## ደረጃ 7፦ አፍንጫውን መቅረጽ

ቶርኖ ቤት የሚያውቀው ሰው ያለ ይሂድ። ነገር ግን የብረት ቶርኖ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ባልሳን ካልለመደው ጨፍልቆ ይይዘዋል፤ አጠገቡ ቁሙ። ቤት ውስጥ ድሪል ይበቃል።

ጉማጁን አዘጋጁ። 30 በ30 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ጉማጅ ያስፈልጋል። ወፍራም ባልሳ ከሌላችሁ ሦስት 10 ሚሊ ሜትር ቁራጮችን ደርባችሁ አጣብቁ። የሁሉም ጭረት በርዝመቱ ይሁን። ኮላውን አሳሱት፤ የደረቀ ኮላ ከባልሳ ስለሚጠነክር ሲፈተግ ጉብታ ሆኖ ይቀራል።

ዘንጉን ትከሉ። በአንዱ ጫፍ መካከሉን በሁለት ሰያፍ መስመር አግኙ። 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 40 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ብሱ። ቀዳዳው ቀጥ ማለት አለበት። ዘንጉን በነጭ ኮላ ትከሉና 35 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይውጣ። እስከ ማግስቱ ይድረቅ። ያልደረቀ ዘንግ ድሪል ላይ ሲዞር ተነቅሎ ይወረወራል።

ማዕዘኖቹን ቀንሱ። ድሪል ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት አራቱን ማዕዘን በካተር ቆርጣችሁ ስምንት ጎን አድርጉት። አራት ማዕዘን ሆኖ ከዞረ እጅ ይመታል።

አዙሩ። ድሪሉን በሞርሳ አጥብቁ። መነጽር አድርጉ። የሸሚዝ እጅጌ ሰብስቡ፣ ሻሽና ነጠላ አውልቁ፣ ፀጉር እሰሩ። በዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሩ። ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀቱን እንደ ቀበቶ ከሥሩ አሳልፋችሁ በሁለት እጅ ያዙ። ክብ ሲሆን አቁማችሁ ለኩ። 26 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ወደ 120 ቀይሩ።

አንገቱን አስቀድሙ። አንገት የምለው ቱቦው ውስጥ የሚገባውን 20 ሚሊ ሜትር ነው። በዘንጉ በኩል 20 ሚሊ ሜትር ለኩና መስመር አድርጉ። ከመስመሩ ወዲያ ያለውን በማስኪንግ ቴፕ ጠቅልሉ፤ ሞረድ ቢያመልጥ ቴፑ ያድነዋል። አንገቱን በጠፍጣፋ ሞረድ እስከ 23.6 ሚሊ ሜትር አውርዱ። የቱቦው ውስጥ 24.1 ስለሆነ ክፍተቱ የበዛ ይመስላል። አልበዛም። ሱፐር ግሉ ሲጠጣ ይወፍራል፤ ክረምት ሲመጣም ያብጣል። በመጋቢት ልክክ ብሎ የገባ አንገት በሐምሌ አይወጣም።

ከዚያ ሹሉን አውጡ። የአፍንጫውን የጎን ቅርጽ በካርቶን ቆርጣችሁ ያዙና እያቆማችሁ ለኩበት። የቀረው 80 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉን እንደ መርፌ አታሹሉት። ሞዴል ሮኬት በሚሄድበት ፍጥነት ለዘብ ያለ ክብ ጫፍ ምንም አይጎዳም፤ የሾለው ግን ሲወድቅ ይሰበራል፣ ሰውም ይወጋል። ትከሻው ላይ፣ ማለትም ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ስፋቱ 24.8 ይሁን።

ድፈኑት። ድሪሉን አቁሙ። አንገቱና ጫፉ ላይ ቀጭን ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጉና እስኪደርቅ ራቁ፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። የቀረውን በስስ ስቱኮ ወይም በሳንዲንግ ሲለር ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ በየመካከሉ በ400 አለስልሱ።

ዘንጉን ቁረጡ፤ አትንቀሉት። ከአንገቱ ጋር እኩል ቁረጡና ባለ ቀለበት ብሎኑን ዘንጉ መሐል አስገቡ። ፓራሹቱና አፍንጫውን ከቱቦው ጋር የሚያያዘው የሚለጠጥ ገመድ የሚታሰሩት እዚህ ነው። ብሎን በቀጥታ ባልሳ ላይ ከተተከለ ገመዱ ሲወጠር ተነቅሎ ይወጣል።

ሲበላሽ፦

- *አንገቱ ከቀጠነ፦* ማስኪንግ ቴፕ ዙሩበት። ሮኬቱን ስትዘቀዝቁት አፍንጫው መቆየት፣ ቀለል አድርጋችሁ ስትነቀንቁት መውጣት አለበት።
- *አፍንጫው ሲዞር ከተወላገደ፦* ዘንጉ ጠሟል። ገና ወፍራም ከሆነ መፈተጉን ቀጥሉ፣ ራሱ ይስተካከላል። ልኩ ላይ ከደረሰ በኋላ ከሆነ ሌላ ጉማጅ ውሰዱ።
- *ቁራጭ ከተነሣ፦* የባልሳ ብናኝ ከነጭ ኮላ ጋር ለውሱና ሙሉት።

## ደረጃ 8፦ ክንፎቹን መትከል

የወረቀት ቁራጭ ቱቦው ላይ ጠቅልሉ። ዙሪያው 78 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለሦስት ክንፍ በየ26 ሚሊ ሜትር ምልክት አድርጉና ወደ ቱቦው አስተላልፉ። ቱቦውን የበር መቃን ጥግ ውስጥ አስተኝታችሁ በጠርዙ ብታሰምሩ መስመሩ ፍጹም ቀጥ ይላል።

ክንፉ የሚቀመጥበትን የቱቦ ቦታ በ220 ቀለል አድርጋችሁ ፈትጉ። የሚያብረቀርቀው ሽፋን ላይ ኮላ አይይዝም። ከዚያ በክንፉ ሥርና በቱቦው ላይ ነጭ ኮላ በስሱ ቀቡ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ በክንፉ ላይ በድጋሚ ቀቡና አጣብቁ። ሱፐር ግሉ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው፣ ለዚህ መገጣጠሚያ አይሁን። ከኋላ ቆማችሁ ተመልከቱ። ክንፎቹ እኩል ተራርቀው፣ ከቱቦው ቀጥ ብለው መውጣት አለባቸው።

በማግስቱ በየመጋጠሚያው ነጭ ኮላ አስኪዱና በጣት አለስልሱት። ቱቦው አግድም ይተኛ፤ ከቆመ ኮላው ይንጠባጠባል። አንዱ ሲደርቅ ሌላውን አዙሩ።

## ደረጃ 9፦ ሚዛኑን ማረጋገጥ

ሮኬቱን ሙሉ በሙሉ አዘጋጁ፤ ፓራሹቱም ሞተሩም ይግባ። ጣት ላይ አስተኝታችሁ የሚመዛዘንበትን ነጥብ ምልክት አድርጉ። ከዚያ የሮኬቱን የጎን ጥላ በትክክለኛ መጠኑ ካርቶን ላይ ቆርጣችሁ እሱንም አመዛዝኑ። የሮኬቱ ነጥብ ከካርቶኑ ነጥብ ቢያንስ በአንድ የቱቦ ስፋት፣ ለዚህኛው 25 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት። ካልቀደመ የአፍንጫው ብሎን ላይ ሮንዴላ አስገቡ። ይህ የካርቶን መንገድ ጥንቃቄ የሚያበዛ ነው፤ ትንሽ ሊያስከብዳችሁ ይችላል። ለጀማሪ ግን እሱን ምረጡ።

ቀጥሎ ሮኬቱን በሚዛን ነጥቡ ላይ በሁለት ሜትር ሲባጎ እሰሩና ሰው በሌለበት ሜዳ አዙሩት። አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ ይበርራል። ከተገለባበጠ አይተኮስም፤ ክብደት ጨምሩና ድገሙት።

## ከመተኮሱ በፊት

ባሩድ ወይም ነዳጅ በቤት ውስጥ በፍጹም አትቀላቅሉ። በፋብሪካ የተሠራ ሞተር ከሌለ በብስክሌት ፓምፕ አየር የሚተኮስ ሮኬት ሥሩ፤ ክንፉና አፍንጫው ለእሱም ይሆናል። የከተማችን አየር ማረፊያ ቅርብ ስለሆነ፣ ሞተር ያለው ማንኛውም ሮኬት ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ሳይገኝ አይተኮስም።

ጠዋት ተኩሱ። ቀን ላይ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሣል። ክንፍ ያለው ሮኬት ደግሞ ወደ ነፋሱ ይዞራል። ከሰዓት በኋላ ከዳር አጠገብ የተተኮሰ ሮኬት አቅጣጫው ወደ ጣና ነው ማለት ነው።

## ባልሳ ካልተገኘስ?

ደንገል ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ሲደርቅ እጅግ ቀላል ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለክንፍ ግን አይሆንም። ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ ውኃ ይጠጣል፣ በወርዱም ጥንካሬ የለውም። ዋንዛ ይሠራል፤ ግን ከባልሳ ቢያንስ እጥፍ ስለሚከብድ በግማሽ ውፍረት ሥሩት፣ ክብደትም ወደ አፍንጫው ጨምሩ። ለክንፍ ከሁለቱም የሚሻለው ሁለት ወፍራም ካርቶን በነጭ ኮላ አጣብቆ በክብደት ማድረቅና በደረጃ 6 መሠረት በወረቀት መሸፈን ነው። ካርቶኑም ውስጡ የራሱ መስመር አለው። የሁለቱን መስመር አቋርጣችሁ ደርቡት።